መጀመሪያ ጎማውን እንይ፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የመኪና ወዳጆች ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ ተነሥታችሁ የደብረ ብርሃንን ብርድ ችላችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። በሥራ ቀን ጋራዣችሁን ዘግታችሁ ለተገኛችሁ መካኒኮች፣ ጎሚስታዎችና ባቲላሜራዎች ምስጋናዬ የተለየ ነው።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ። እኔ ይህን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ብቻ እፈልገዋለሁ። ስፖርት መኪና ላላቸው አባሎቻችን የምናወጣው ስም አለ፤ ጉረኛ፣ የሀብታም ልጅ፣ ዲያስፖራ፣ ሞተር የማያውቅ፣ ቁልቁለት ላይ ሰው የሚፈጅ። ይህን የሚለው ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው ቢሆን ብዙም ባልደነቀኝ ነበር። የሚለው ግን ቮልስ ከፍርስራሽ የሚያነሣ፣ ዲኤክስ በእጁ ፈታትቶ የሚገጥም የእኛው ሰው ነው። ነገሩም ቀልድ ሆኖ አይቀርም። ስም የወጣለት ሰው መጠየቅ ይተዋል። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ጎማው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ለማንም ሳያማክር ጣርማበርን ይወርዳል። ስለዚህ ጉዳዩን የደኅንነት ጉዳይ አድርጌ ነው የማየው።

ከሀብቱ ልጀምር። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ የሚጣለው ኤክሳይስ ታክስ እጅግ ከፍ ብሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወስኗል። በመካከላችን ያለው የቤንዚን ስፖርት መኪና አብዛኛው ከዚያ በፊት የገባና ዕድሜው የገፋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 የተመረተውን ሰባተኛ ትውልድ ቶዮታ ሴሊካ ውሰዱ። ዋጋው ከአንድ ደህና ሃይሉክስ ያንሳል። በብዛት የምናየው 1.8 ሊትሩ 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር በዘመኑ ኮሮላ ላይም የተገጠመ ነው፤ ስለዚህ የዘይት ማጣሪያውንና የውሃ ፖምፑን ከኮሮላ መለዋወጫ መደርደሪያ ታገኙታላችሁ። የሚያስቸግረው የውጭ አካሉ ነው፤ የፊት መብራቱ፣ የበሩ መስታወት፣ የፊት መከላከያው የራሱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው የባቲላሜራዎቻችን እጅ የሚያስፈልገው።

ስለዚሁ ሞተር አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐሜት ከሚበዛባቸው አንዱ ነውና። ሴሊካ ሰማያዊ ጭስ ሲያወጣ ካየን «እያስጮኸ ነድቶ አቃጠለው» እንላለን። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተሮች ፒስተናቸው ላይ ያለው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ በቂ አልነበረም። ቀዳዳው በካርቦን ሲደፈን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ዘይቱን ጠርጎ መመለስ ያቅተዋል፤ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ይነዳል። በዝግታ የነዳ ሰው መኪናም እንዲሁ ይሆናል፤ ኮሮላውም ይሆናል። ሞተሩ የሚይዘው 3.7 ሊትር ዘይት ብቻ ስለሆነ አንድ ሊትር ማጣት ቀላል አይደለም። በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ የዘይት መለኪያው መታየት አለበት። ይህን ለባለቤቱ መንገር ሞተር ያድናል፤ ማማት ምንም አያድንም።

ሁለተኛው ሐሜት «በቀስታ የሚነዳው ሊታይ ፈልጎ ነው» የሚለው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ውርጭ ይጥላል። ለሞቃት ወቅት የተሠራ ስፖርት ጎማ ደግሞ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ ላስቲኩ ይደርቅና አስፋልት መያዝ ያቅተዋል። የሞተሩ ዘይትም አለ። የውሃ ሙቀት መለኪያው መርፌ መካከል ላይ ሲደርስ ሞተሩ የሞቀ ይመስላል፤ ዘይቱ ግን 80 ዲግሪ ገደማ ለመድረስ የዚያን እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያው ሞተሩን በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ አለማስኬድ ትክክለኛ አነዳድ ነው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ አግድም የሚሻገረውም እንዲሁ ነው፤ እንደ ቶዮታ 86 ያለ መኪና ሆዱ ከመሬት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ያለው። ፊት ለፊት ከገባ መከላከያው ወይም የማርሚታው ቱቦ ይመታል። አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ ሲያስወጣ ከኋላው ያለነው ጡሩንባ ባንነፋበት ደስ ይለኛል።

«200 ፈረስ ጉልበት አለው ይላል፣ ዳገት ላይ ግን ፒካፕ ጥሎት ያልፋል፤ ወይ መኪናው የውሸት ነው ወይ እሱ መንዳት አይችልም።» ይህም ዘወትር የሚነሣ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ የቶዮታ 86 ሁለት መቶ ፈረስ እዚህ ወደ 150 ይጠጋል፤ ጣርማበር ላይ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተር ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ መቀደሙ የሹፌሩን ችሎታ አይናገርም። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ፤ ስለ ጉልበት ቁጥር ስንከራከርም ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ከፍታው የሚደብቀው ሌላ ነገር አለ። መጭመቂያው ከፍ ያለ ስፖርት ሞተር ብዙውን ጊዜ 95 ኦክቴንና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ማለትም ሲጨመቅ ያለጊዜው የማይነድ ቤንዚን ይጠይቃል፤ ከማደያችን የምናገኘው ቤንዚን ደግሞ የምንመርጠው ዓይነት የለውም። እዚህ ላይ የሲሊንደሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሞተሩ አይቃወምም። ያው መኪና ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ገብቶ ጭነት ሲያገኝ ግን እንደ ጠጠር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይጀምራል። የኳኳታ ሴንሰር ያለው ሞተር እሳቱን አዘግይቶ ራሱን ይጠብቃል፤ የሌለው የፒስተኑን ራስ ይበላል። ድምፁ ሲሰማ ማርሽ መቀነስ፣ ጋዙን ማላላት ነው። ከሸዋ ሮቢት ዳገቱን የወጣ ባለ ቱርቦ መኪናም ጣርማበር ላይ ሲቆም ሞተሩ ወዲያው አይጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሥራ፤ አለዚያ የቱርቦው ኩሽኔታ ላይ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ይደርቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ ወደ ቁልቁለቱ። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት 1,800 ሜትር ያህል ወደ ታች ነው። ፍሬን ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል በመኪናው ክብደት ልክ ነው። 1,250 ኪሎ የሚመዝን ስፖርት መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚያመነጨው ሙቀት፣ ጭነቱን ጨምሮ 2,500 ኪሎ የሚመዝን ላንድክሩዘር ከሚያመነጨው ግማሽ ነው። ዲስኩም ከክብደቱ አንጻር ትልቅ ነው። እንግዲህ ስፖርት መኪና በባሕርዩ ቁልቁለት ላይ አደገኛ አይደለም። አደገኛ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ቆሞ መዋሉ ነው። የፍሬን ዘይት መኪናው ቢነዳም ባይነዳም ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ስለሆነ «ገና ነው» የሚል ባለቤት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የዘይቱ ዕድሜ በሁለት ዓመት እንጂ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም።

ምልክቱን ሁላችንም እንወቅ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው የፍሬን ሸራው ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለል ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ግፊት አያስተላልፍም። በሁለቱም ጊዜ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ማስያዝ፣ ዳር ይዞ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው፤ ውሃ ማፍሰስ ዲስኩን ያጣምማል።

ቅያሪውን ጋራዦቻችን ያውቁታል፤ ለአዲስ አባላት ስል ግን ልበለው። ክዳኑ ያልተከፈተ አንድ ሊትር ዶት 4 ይበቃል። የተከፈተ ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ከርሞ ከሆነ አይግባ። አሮጌውን ከዘይት ማስቀመጫው በሲሪንጅ መጥጦ አዲሱን መሙላት፤ ከዚያ የመኪናው አምራች ሌላ ተራ ካላዘዘ በቀር ከማስተር ፍሬኑ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ከሚርቀው ጎማ መጀመር፤ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ዘይቱ ጠርቶ ያለ አረፋ እስኪወጣ። ማስቀመጫው በመሐል ፈጽሞ አይጉደል፤ አየር ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል) ውስጥ ከገባ በአንዳንድ መኪና ላይ ያለ ኮምፒዩተር አይወጣም። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

በጉምና በዝናብ ጊዜ ስለሚሽከረከሩት መኪኖችም ፍርዳችን ይስተካከል። ሞተሩ መካከል ላይ የሆነ እንደ ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ኤምአር2 ያለ መኪና መታጠፊያ ውስጥ ጋዙ በድንገት ሲለቀቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ይቀልና ይወጣል። ቶዮታ ራሱ በኋላ የኋላ ሰስፔንሽኑን አስተካክሎ፣ የኋላ ጎማውን አስፍቶ ነው የሸጠው። መድኃኒቱ ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ጨርሶ፣ ውስጥ ገብቶ ጋዙን በለሰለሰ እግር መያዝ ነው። «ጉረኛ ነው፣ ገለበጠው» ያልነው ሰው ይህን የነገረው አልነበረውም ይሆናል።

እውነት የሆነውንም አልሸፍንም። ማርሚታ አውጥቶ በደብረ ብርሃን ሥላሴ አጥር ሥር ማስጮህ ነውር ነው። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ማርሚታ ማንሣት የሚጨምረው ድምፅ እንጂ የረባ ጉልበት አይደለም። በግና አህያ በሚሻገርበት የሕዝብ መንገድ መሽቀዳደምንም ማኅበራችን ከማንም አይቀበልም። ልብ በሉ፣ «ከማንም» ነው ያልኩት፤ ደንቡ ድርጊቱን ይከልክል እንጂ የመኪና ዓይነት አይጥቀስ። ዛሬ በምናየው የደንብ ረቂቅ አንቀጽ ላይ «ስፖርት መኪና ያላቸው» የሚለው ሐረግ እንዲወጣ የማቀርበው ለዚህ ነው።

ሌላው በራሳቸው በስፖርት መኪና ወዳጆች መካከል ያለው መናናቅ ነው። «ይሄማ እውነተኛ አይደለም» ይባባላሉ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን «የሴት መኪና» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ወጥቶ በ2016 አንድ ሚሊዮኛው የተሠራለት፣ ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ሆኖ በዓለም እሱን ያህል የተሸጠ የሌለ፣ የራሱ የውድድር መድረክ ያለው መኪና ነው። ፖርሽ ቦክስተርን «የድሃ ፖርሽ» ያሉት በ1996 ሲወጣ ፋብሪካውን ከችግር እንዳወጣው ይዘነጋሉ። ሴት ይዛው ስትመጣ ደግሞ ጥያቄው «የማን ነው?» ይሆናል። እኅቶቻችን ይህን ሰምተው ቀርተውብናል። ከዛሬ ጀምሮ የመጀመሪያው ጥያቄ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ «ጎማው የስንት ዓመት ነው?»

ስፖርት መኪና ያላችሁም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቪትዝ የያዘውን አባል «መኪና አይወድም» አትበሉት። የ1.0 ሊትር መኪናውን ሃያ ዓመት ያለ ጭስ ያቆየ ሰው ከማናችንም በላይ ያስተምራል።

ነገ ጠዋት ወደ ሸዋ ሮቢት ከመውረዳችን በፊት ምርመራው ለሁሉም መኪና አንድ ነው፤ ቮልሱም፣ ላንድክሩዘሩም፣ ሱፕራውም በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ከጎማው ጎን «DOT» ብሎ የሚጀምረው ጽሑፍ (ከፍሬን ዘይቱ ዶት ጋር አይምታታ) የመጨረሻ አራት ቁጥር ይነበባል፤ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ባይበላም ዕድሜው አሥር ዓመት ያለፈ ጎማ አይወርድም። የጎማው የውስጥ ጠርዝ በተለይ ይታይ፤ ዝቅ የተደረገ መኪና ጎማው ወደ ውስጥ ስለሚያጋድል ከውጭ ደህና የሚመስለው ውስጡ ሽቦው ወጥቶ ይገኛል። የፊቱ መሪው እስከ ጫፍ ዞሮ ይታያል፤ የኋላው በክሪክ ተነሥቶ ወይም ስልክ ከሥር አስገብቶ ፎቶ አንሥቶ። የፍሬን ዘይቱ በእርጥበት መለኪያ ይለካል፤ ከ3 በመቶ ካለፈ እዚያው ይቀየራል፤ ጎሚስታዎቻችንና ሁለት ጋራዦች ለዚሁ ይቆማሉ። የጎማ ንፋስ ሳይሞቅ ይለካል። ያላለፈ መኪና ባለቤት በሌላ አባል መኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ ማንም አይቀርም፣ ማንም በስሙ አይጠራም።

የምርመራው ሰልፍ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። መክፈቻዬን በዚህ አበቃለሁ፤ ዓመታዊ ስብሰባው መከፈቱን አበሥራለሁ፤ ጸሐፊያችን ሪፖርቱን እንዲያቀርቡ መድረኩን ለቅቄያለሁ።