ሽቦውን እንፍታለት

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የሰፈሬ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ! ፀሐይዋ በረድ ስትል ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ።

የድሬዳዋ ሰው የጥላን ዋጋ ነጋሪ አያሻውም። ከዚራ በዛፎቹ ስር ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዛፍ ልጣጭ ነው።

በራችን ላይ አንድ ኒም ነበረን። ገና ቀጭን ሳለ የልብስ ማስጫ ሽቦ አሰርንበት። ዛፉ ወፈረ፣ ሽቦው እዚያው ቀረ። በዓመታት ውስጥ ልጣጩ ሽቦውን ዋጠው። ከሽቦው በላይ ያለው ግንድ እንደ ከንፈር አበጠ፤ ከታች ያለው ቀጭን እንደሆነ ቀረ። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለነበር ማናችንም አልደነገጥንም። ከዚያ በአንድ በጋ ደረቀ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዛፍ ሁለት መንገድ አለው። ውሃና ማዕድን ከስር የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ፣ ዛይለም በሚባለው ቧንቧ ነው። ቅጠሉ የሠራው ስኳር ደግሞ ከልጣጩ ስር ባለው ስስ ሽፋን፣ በፍሎየም፣ ወደ ስርና ወደ ፍሬ ይሄዳል። ሽቦው ያነቀው ይሄኛውን ነው። ውሃው ስለሚወጣ ቅጠሉ ይለመልማል። ስሩ ግን ያጠራቀመውን እየበላ ይቆይና ሲያልቅበት ይሞታል። ስር ከሞተ ውሃውን ማን ይልካል?

ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ልጣጭን ዙሪያውን ልጦ ይህንኑ እብጠት አይቷል። ስኳሩን ምን እንደሚገፋው ያብራራው ጀርመናዊው ኧርንስት ሙንሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930። ቅጠል ስኳሩን ቧንቧው ላይ ሲጭን ውሃ ተከትሎ ይገባል፣ ግፊቱ ያይላል። ወዲያ ማዶ ስር ወይም ፍሬ ስኳሩን ሲያራግፍ ውሃውም ይወጣል፣ ግፊቱ ይላላል። እና ይፈስሳል። ልብ የለ፣ ፓምፕ የለ! በሰዓት አንድ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከቀፊራ የምንገዛው ማንጎ ጣፋጭነቱ በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዛፍ ላይ ምስማር ሲመታ ማየት አልችልም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ፒንሳ ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ። ላላ ያለውን ሽቦ ፍቱት። ልጣጭ የዋጠውን ግን አትጎትቱ፤ ብቅ ያለውን ብቻ ቆርጣችሁ ተዉት። ፍየል በአንድ ጎን የላጠችውን ዛፍም አትቁረጡት። በሌላው ጎን ልጣጭ እስካለው ድረስ ስሩ ምግብ ያገኛል።