ስትሮክ የመታው ሰው ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፦ የሆድ ድርቀት ነገር

(ምስል፦ በትራስ ተደግፈው የተቀመጡ አባት፤ አጠገባቸው ያልተነካ ውሃ በብርጭቆ)

ስትሮክ የመታው ታማሚ ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰቡ ሐኪሙን የሚጠይቀው ስለ እጁ፣ ስለ እግሩና ስለ ንግግሩ ነው። ስለ ሰገራው መጠየቅ ነውር ስለሚመስል ነገሩ ሳይነሣ ይቀራል።

ብዙ ቤት ከሚፈጠረው ስሕተት እንጀምር። አባት አምስት ቀን ሳይጸዳዱ ቆይተው በስድስተኛው ቀን ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ልብሳቸውን ያበላሻል። ቤተሰቡ «ተቅማጥ ያዛቸው» ብሎ ምግብና መጠጥ ይቀንሳል፤ ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት የሚገዛም አለ። ነገር ግን የደረቀው ሰገራ መውጫው ላይ እንደ ውታፍ ተደፍኖ፣ ፈሳሹ ብቻ በጎኑ እየሾለከ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ያ መድኃኒት ድርቀቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከቀናት ድርቀት በኋላ ድንገት የመጣ ፈሳሽ አስቀድሞ በጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

ድርቀቱን የሚያመጣው ብዙ ነው። ሰው ሲተኛ አንጀቱም ይሰንፋል። መዋጥ የከበደው ሰው ትን እንዳይለው ውሃ ይሸሻል፤ መዋጥ የሚችለውም ቢሆን ልጆቹን «ሽንት ቤት ውሰዱኝ» ላለማለት ሲል ሳይጠጣ ይውላል፤ ይህን ያላየ አስታማሚ ያለ አይመስለኝም። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ ማስታገሻዎች፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንና የብረት እንክብልም ሆድ ያደርቃሉ፤ ቢሆንም ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አይገባም።

(ምስል፦ መቀመጫው መሐሉ የተቀደደ የእንጨት ወንበር፣ ከሥሩ ባልዲ)

ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይንቀሳቀሳል፤ ይህም ከቁርስ በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ቁርስ በተበላ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢመጣም ባይመጣም፣ በየዕለቱ በዚያው ሰዓት ታማሚውን ማስቀመጥ አንጀቱን ያለምደዋል። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት አንድ ጎኑ ለደከመ ሰው አይሆንም፤ አናጺ የሠራው እንዲህ ያለ ጠንካራ ወንበር ይበቃል። ጉልበቱ ከዳሌው ጥቂት ከፍ እንዲል ከእግሩ ሥር ዝቅ ያለ በርጩማ ይደረግለት፤ ወደ ፊት ዘንበል ይበል፤ አስታማሚው በደከመው ጎን በኩል ይቁም። ከ10 ደቂቃ በላይ ማስቀመጥና ማስማጥ ግን አይጠቅምም።

ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመም የተነሣ ካልተከለከለ በቀን 1.5 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ጎመን፣ ምስርና ፓፓያ ይረዳሉ። ተልባም ጥሩ ነው፣ በቂ ውሃ ከተጠጣበት፤ መዋጥ ለሚያስቸግረው ሰው ግን ባለሙያ ሳያየው ተልባም ሆነ ቆሎ አይሰጥም።

መናገር ያቃተው ታማሚ መቁነጥነጡና ልብሱን መጎተቱ ጥሪ ሊሆን ይችላል።

ሆድ ተነፍቶ ካስመለሰ፣ ፈስ እንኳ መውጣት ካቆመ፣ ደም ከታየ፣ ወይም በተለይ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ።