ፌሮው ታስሮ አለቀ፣ ብሩስ?

ሰላም ድሬዎች፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ሙቀቱ ትንሽ በረድ ሲል ነው የምቀዳው፣ የባጃጅ ድምፅ ከገባ ታገሱኝ።

ስለ ሰብ ኮንትራክተሮች ላወራ ነው፣ ከዋናው ኮንትራክተር ሥራ ቆርሰው ስለሚይዙት። እዚህ ከተማ ፌሮ የሚያስር፣ ብሎኬት የሚደረድር፣ ሊሾ የሚሠራ ልጅ ሞልቷል፣ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ግን ውሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ "እዚች ጋ ፈርም" ሲባሉ ፈርመው ይወጣሉ። የምር ያንገበግበኛል።

ፌሮን እንውሰድ። ዋጋው በኪሎ ነው ግን ሚዛን ላይ የሚወጣ ነገር የለም፣ ኪሎው ከስሌት ነው የሚመጣው፣ ዲያሜትሩን በሚሊሜትር ይዘህ በራሱ ታበዛና ለ162 ታካፍላለህ፣ ባለ 12ቱ በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ 12 ሜትሩ በርጋ 10.7 አካባቢ ማለት ነው። ቴክኦፉ፣ ማለትም የሚከፈልህ መጠን ስሌት፣ ግን የሚሠራው ከድሮዊንጉ ስለሆነ ቆርጠህ የጣልከው አይቆጠርልህም። ሁለት ፌሮ ሲቀጠል የሚደራረበው ላፑስ? የላይኛውን ፌሮ የሚሸከመው ቼርስ? እሱ እንደ ውሉ ነው፣ ስለዚህ ስላቡ ሳይሞላ ጠይቅ፣ አርማታ ከፈሰሰበት በኋላ ማን ቆፍሮ ያያል?

ከዛ ፔይመንት ሰርተፊኬት አለ፣ የሠራኸው ተለክቶ ክፍያህ የሚጻፍበት ወረቀት። እንበል የ1 ሚሊዮን ብር ሥራ ያዝክ፣ 20 ፐርሰንት አድቫንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ ወሰድክ፣ የመጀመሪያው ልኬት 400 ሺህ መጣ። ከሱ ላይ 80 ሺህ ለአድቫንሱ ይቆረጣል፣ ሪቴንሽኑ፣ ለዋስትና የሚያዝብህ ብር፣ 5 ፐርሰንት ከሆነ 20 ሺህ ይያዛል፣ ታክሱን ሳንነካ 300 ሺህ ቀረ። ማንም አልሰረቀውም፣ ግን ቀድሞ ያስረዳው ስለሌለ ልጁ ቅዳሜ ለሠራተኞቹ የሚከፍለው አጥቶ ሰው ፊት ያፍራል።

ከሁሉ የማልወደው ባክ ቱ ባክ የሚሉትን ነው፣ አሠሪው ለዋናው ኮንትራክተር ካልከፈለ ዋናውም ላንተ አይከፍልም። የቀን ሠራተኛ ይዞ የሚያድር ሰው የሌላውን መዘግየት እንዲሸከም ማድረግ ፍትሃዊ ነው ብዬ አላምንም። ቢያንስ "ቢዘገይ እንኳን ከዚህ ቀን አያልፍም" የሚል ነገር ይግባበት፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የነዳጅ ዲፖና የማደያ ሥራ የምትይዙ በያጆች ደግሞ ሆት ወርክ ፐርሚት፣ የብየዳና የእሳት ሥራ ፈቃድ፣ ተራ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ጋዝ መኖር አለመኖሩ በመሣሪያ ይለካል፣ ማጥፊያ ይዞ የሚቆም ሰው ይመደባል፣ ፋየር ዋች የሚሉት፣ ብየዳው ካለቀም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከቦታው አይነቃነቅም። ባዶ ነው የተባለ ታንከር ውስጥ ትነት አለ፣ የሚቀጣጠለው ደግሞ እሱ ነው። ሥራው ተቸኩሏል ተብሎ ይሄ አይዘለልም፣ በቃ።

ሪቴንሽኑን ሳልጨርስ፣ ብዙ ጊዜ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ ይለቀቃል፣ ቀሪው ዲፌክት ላያቢሊቲው፣ ጉድለት ከታየ የምታስተካክልበት ጊዜ፣ ሲያልቅ፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት ነው። ግን ዓመቱ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? አንተ ፌሮህን አስረህ ከወጣህበት ነው ወይስ ሕንፃው ተቀብቶ፣ ቧንቧው ገብቶ፣ ሊፍቱ ተገጥሞ ከተረከበበት? መሀል ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ሊኖር ይችላል እኮ። ይሄን ሳትፈርሙ በደብዳቤ ጠይቁ፣ የተቀበላችሁን ሰው ኮፒው ላይ አስፈርማችሁ ያዙ።