ሳንባውን የታመመ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ለምን ያንቀጠቅጠዋል?

በዚህ ሳምንት ከወሎ አድማጮች ለደረሱን ጥያቄዎች የውስጥ ደዌ ሐኪማችን የሰጡት መልስ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ አባቴን በሳንባ ሕመም ደሴ አስተኝተናቸው ነበር። ሌሊት ኦክስጅን እንደተደረገላቸው አንቀጠቀጣቸው፤ አረፋ ደፈቁ። አጎቴ ክብሪት ጭሮ ሊያሸትታቸው ሲል ነርሷ ጮኸችብን። የሚጥል በሽታ ኖሮባቸው አያውቅም። ሳንባን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ፈጣሪ ይማርልሽ እህቴ። መጀመሪያ የክብሪቱን ነገር ልናገር፤ ነርሷ እውነቷን ነው። ኦክስጅን በሚፈስበት አልጋ አጠገብ አንዲት ክብሪት ብርድ ልብሱንም ሰውየውንም ልታቃጥል ትችላለች። ማሽተቱ ደግሞ መንቀጥቀጡን አያቆመውም። ነርስ ጠርታችሁ በጎናቸው አስተኟቸው፣ ሰዓት እዩ። አፋቸው ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ አንጎል የኦክስጅን እጥረት አይችልም። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ጤነኛ ሳንባ ይለምደዋል። በማገዶ ጭስ ወይም በሲጋራ የተጎዳ ሳንባ ግን የሳንባ ምች ሲጨመርበት አቅም ያጣል። ኦክስጅኑ በጣም ሲወርድ አንጎል ይረበሻል፤ መንቀጥቀጥም ሊመጣ ይችላል።

አንድ ነገር አደራ የምለው አለ። የቆየ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው፣ ጣት ላይ በሚሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው። አስታማሚ አዝኖ «ትንሽ ይጨመርላቸው» ብሎ መክፈቻውን ያዞረዋል። ቁጥሩ 99 ይገባል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሕመምተኛው ግን ድብን ብሎ ይተኛል። ይሄ እረፍት እንዳይመስላችሁ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው እየተጠራቀመ ነው። የተጠራቀመው በመተንፈሻ ማሽን በጣም ቶሎ ሲወጣም የደም ሚዛን ተዛብቶ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ስለዚህ መክፈቻውን ለባለሙያው ተዉት።

የሳንባ ምችና ቲቢ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየምም (የጨው ንጥረ ነገር) ሊያወርዱ ይችላሉ፤ በጣም ሲወርድ ያንቀጠቅጣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሰውነት ውኃ ማጠራቀሙ ነው፤ ስለዚህ ምግብ ላይ ጨው ጨምሮ መፍትሔ አይገኝም። ሐኪም እየለካ ቀስ ብሎ ነው የሚያስተካክለው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ባለቤቴ አስም አለባት። በደም ሥር አሚኖፊሊን ከተሰጣት በኋላ ነው ያንቀጠቀጣት። መድኃኒቱ ነው እንዴ?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል ወንድሜ። አሚኖፊሊን ሳንባን የሚከፍት መድኃኒት ነው፤ በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ቤቷ የዚሁኑ ዓይነት መድኃኒት፣ የቲኦፊሊን ኪኒን፣ ስትወስድ ከርማ ሳትናገር ከተኛች መጠኑ ይደራረባል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከተጨመረ ደግሞ ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው። ማቅለሽለሽና የልብ ምት መፍጠን ሊቀድም ይችላል፤ ሳይቀድም የሚያንቀጠቅጥም አለ። እባካችሁ ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። «የምን መድኃኒት ነበር?» ስንል «ነጭ ክብ ኪኒን» ይሉናል፤ በዚያ ምንም ማድረግ አንችልም።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ወንድሜ የቲቢ መድኃኒት ላይ ነው። ቢያንቀጠቅጠው ላስቁመው?

መልስ፦ እንዳታስቆሚው! ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ አይሶናያዚድ የሰውነትን ቫይታሚን ቢ6 ያሟጥጣል፤ በተለይ ከታዘዘው በላይ ከተወሰደ ያንቀጠቅጣል። ያኔ መንቀጥቀጥ የሚያቆመው ዳያዜፓም ብቻውን ላያቆመው ይችላል፤ ቢ6 ራሱ ነው መድኃኒቱ። ራስ ምታት፣ ማስመለስና ግራ መጋባት አብረው ካሉ ግን ቲቢው አንጎል ደርሶ ይሆናል። የሚጥል በሽታ ኪኒን ይወስድ ከነበረ ደግሞ ሌላው የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የብዙዎቹን ኃይል ስለሚቀንስ መጠኑ እንደገና ይታያል።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ ጎረቤታችን በሳንባ ምች ተኝተው በማግስቱ አንቀጠቀጣቸው። ካቲካላ ይጠጡ ነበር፤ ቤተሰቡ አፍሮ ደበቀ።

መልስ፦ አትደብቁ። በየቀኑ ይጠጣ የነበረ ሰው ድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ቀድመን ካወቅን እንከላከለዋለን። ለሐኪሙ ብቻውን ንገሩት፤ ምስጢር ይጠበቃል።

ጥያቄ (ከሐይቅ፣ በድጋሚ)፦ አባቴ አሁን ዕድሜ ልካቸውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሊውጡ ነው?

መልስ፦ ምክንያቱ ኦክስጅን፣ ሶዲየም ወይም መድኃኒት ከነበረና ከተስተካከለ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። አንጎል ላይ ጠባሳ ወይም ዕጢ ከተገኘ ግን ሊቀጥል ይችላል። ሲወጡ «ያንቀጠቀጣቸው ምን ነበር?» ብለሽ ጠይቂና የመውጫ ወረቀቱ ላይ አስጽፊው። ኪኒን ታዞላቸው ከሆነም በራሳችሁ አታቁሙ።