መዝገቡ ላይ የሌለችው ጎረቤቴ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከአዳማ፣ ከቤቴ ነው የማወራችሁ። የባጃጅ ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ወደ 2012 ሚያዝያ ልመልሳችሁ። ኮሮና ገብቶ፣ መናኸሪያው ጭር ያለ ጊዜ። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ እማማ የምንላቸው ናቸው። በከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃውን ሥራ አሠርቶ በሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም ታቅፈው መንገድ ይጠርጋሉ። ሌላዋ መናኸሪያ አካባቢ ቡና ታፈላለች። ከሁለቱ ደህና ገቢ የነበራት ባለቡናዋ ናት።

ያን ሰሞን ሴፍቲኔቱ ሰው ሥራ ላይ እንዳይሰበሰብ ብሎ የ3 ወር ክፍያ አስቀድሞ ሰጠ። እማማ መጥረጊያ ሳያነሱ ብር ገባላቸው። እስከ ዛሬ ድረስ የምወደው ውሳኔ ነው። የተቻለውም ስማቸው መዝገብ ላይ ስለነበረ ነው። የባንክ ደብተራቸውም ቀድሞ ተከፍቷል።

ባለቡናዋስ? አንድ ጠዋት ገባ ስል ሲኒዎቿን አንድ በአንድ በጋዜጣ ትጠቀልላለች።

«ምነው እህቴ?» አልኳት።

«ልሸጣቸው ነው፤ ኪራይ ደርሷል።»

ጀበናዋን ግን አልጋ ሥር አስገባቻት። እርዳታ ጠይቃ «ዝርዝሩ ላይ የለሽም» ተብላ ነበር የተመለሰችው። እውነትም የለችም። ትናንት ድሃ አልነበረቻ!

የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ተጀመረ። የከተማው በ2009 አዳማንና ሐዋሳን ጨምሮ በ11 ከተሞች። ሁለቱም በዋናነት የታሰቡት ኑሮው ሁልጊዜ ለጎደለበት ሰው ነው። ድርቅ፣ ጎርፍና ወረርሽኝ ግን ደህና የነበረውንም ይጥሉታል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ሰው ነው። ቁጠባ የለው፣ መዝገብ ላይ የለ።

ሰሜን ኬንያ ውስጥ ቱርካና፣ ማርሳቢት፣ ዋጂርና ማንዴራ ላይ የሴፍቲኔት ሰዎች ያደረጉትን ስሰማ ቀናሁ። በመደበኛነት የሚከፈለውን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ቤተሰብ አስቀድመው መዘገቡ፤ የባንክ ሂሳብም ከፈቱላቸው። ከዚያ የሣሩን ልምላሜ በሳተላይት ይከታተላሉ። ድርቁ ሲከፋ በመደበኛው ክፍያ ለማይታቀፉትም ብር ይላካል። ከብቱ እስኪያልቅ አይጠበቅም። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ምዝገባው የሚጀመረው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ብሩ ከየት ይመጣል የሚል አለ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ አልክደውም። ለክፉ ቀን የተቀመጠ በጀት ከሌለ መዝገቡ ብቻውን አያበላም። ግን ብሩ ሲገኝም ለማን እንደሚላክ ካልታወቀ ማጣራቱ ወራት ይበላል። መዝገቡ ደግሞ መታደስ አለበት። አዳማ ላይ ተከራይ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ሰፈር ነው።

ባለፈው ሳምንት በመናኸሪያው ሳልፍ ባለቡናዋ ጋ ቁጭ አልኩ። ሲኒዎቹ አዲስ ናቸው። ጀበናዋ ያቺው ናት።

«ከዚያ ወዲህ የመዘገበሽ ሰው አለ?» አልኳት።

«ምን ብለው ይመዘግቡኛል ወንድሜ? አሁንማ እየሠራሁ ነው» አለችና ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።