ቡላ ከመምጣቷ በፊት

እንደምን አላችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ነው ያለሁት፤ የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖታል።

የማወራችሁ ስለ አንዲት ውሻ ነው። ቡላ ትባላለች፤ ስሙ የወጣላት በጠጉሯ ቀለም ነው። አዲስ አበባ አንድ የእንስሳት መጠለያ ውስጥ ናት። ዕድሜዋን በትክክል የሚያውቅ የለም። የእንስሳት ሐኪሙ ጥርሷን አይቶ 8 ወይም 9 ዓመት ይሆናታል ብሏል።

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ከውሃ በርሜል ኋላ ተወሽቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ቡችሎቹ እግሬ ላይ ይዘላሉ። እሷ ዞር አላለችም። ፈሪ ውሻን ፊት ለፊት አፍጥጦ ማየት ማስፈራራት ነው ብለውኝ ስለነበር ጎኔን ሰጥቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም አልኩ። ከዚያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ያገኘሁትን ማውራት ጀመርኩ። ግራ ጆሮዋ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሌላው ሰውነቷ እንዳለ ነው። ያ ጆሮ ነው እንግዲህ የጨረሰኝ።

ለምን ቡችላ አትወስድም ያላለኝ የለም። እዚህ ግቢ ውሻ ነበረን። ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ታስሮ የኖረ። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ ሕዝቡ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ እኛም ወጣን። መኪናው ውስጥ ቦታ አልነበረም። ሰንሰለቱን ፈታሁለት፣ በሩን ክፍት ተውኩለት። ስንመለስ ያገኘሁት ሰንሰለቱን ብቻ ነው። እስካሁን አልጣልኩትም።

ስለዚህ ለቡላ ስዘጋጅ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ምግብ አይደለም። እኔ ብታመም፣ ወይም ድንገት መሄድ ቢመጣ፣ ማን ይይዛታል? ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ «እኔ አለሁ» ብላኛለች። ቃሏን አምናለሁ። ግን ቡላ ሰው ቶሎ አትለምድም። ስለዚህ እህቴ በየሳምንቱ እየመጣች አጠገቧ እንድትቀመጥ ተስማምተናል።

አጥር የምንጋራቸው ሐጂ አሉ። በእምነታቸው የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይታጠብ አይሰገድበትም። ሳልነግራቸው ውሻ ማምጣት ነውር ነው። ቡና ላይ አጫወትኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ እሷም የአላህ ፍጥረት ናት። ብቻ ከመስገጃዬ አርቅልኝ» አሉኝ። ከዚያ የተጠማ ውሻ አይቶ ጉድጓድ የወረደ፣ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣና አላህ የማረውን ሰው ታሪክ ነገሩኝ። በማግስቱ በመሃላችን ያለውን የቆርቆሮ አጥር ክፍተት ደፈንኩ።

እናቴ «ትራፊ መች ይጠፋል?» ትላለች። የእኛ ወጥ ግን መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ወጥ የነካው እንጀራ ስወረውር ኖሬያለሁ። ለቡላ ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝቼ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ ከሩዝ ጋር እቀቅልላታለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከትባለች፤ በየዓመቱ ማስከተብ የእኔ ድርሻ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷ ላረጀ መገጣጠሚያ አይሆንም። ሳሎኑ ጥግ ላይ ባና አጥፌ አንጥፌላታለሁ። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ በሩን ማየት ትችላለች። እዚያ ስትገባ ማንም አይነካትም። የወንድሜ ልጆች ቃል ገብተውልኛል፤ ትንሹ «በዓይኔም አልነካትም» አለኝ።

ከመጠለያ ውሻ ጋር የሚሠሩ ሰዎች 3 ቀን ድንጋጤው እንዲለቃት፣ 3 ሳምንት ቤቱን እንድትለምድ፣ 3 ወር ቤቴ ነው እንድትል ይላሉ። ቡላ ከዚያም በላይ ልትቆይ ትችላለች። ጭራሽ ላትዳሰስም ትችላለች። ማታ ማታ ይህን አስባለሁ። እሺ ብያለሁ። በርሜል ኋላ ከምትደበቅ ባናዋ ላይ ብትደበቅ ይሻለኛል።

ባለፈው ሳምንት ስመለስ ጠረኔን እንድትለምድ የለበስኩትን ሹራብ ትቼላት መጣሁ። ትናንት ደወሉልኝ። በርሜሉ ኋላ ጎትታ ወስዳው እሱ ላይ ተኝታ አገኟት።

ቅዳሜ ላመጣት እሄዳለሁ።