«ሂድ አንብብ!» ስንል ምን እያልን ነው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ወላጆች፣ መምህራን፣ እዚህ ፊት መሬት ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ከኋላ በሩ ጋ ቆማችሁ ሰዓታችሁን የምታዩ አባቶችም ጭምር፣ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የምናገረውን ጽፌ ነው የመጣሁት፣ ያለ ወረቀት ከጀመርኩ እስከ ማታ ስለማልለቃችሁ።

ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሰራው፣ የ2 ልጆች እናትም ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ግማሹ ስራ ቦታ ያየሁት ነው፣ ግማሹ ቤቴ ውስጥ ራሴ ያበላሸሁት ነው፣ የትኛው እንደሚበዛ እናንተ ትፈርዳላችሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ «አንብብ!» የሚለው ቃል ከአፋችሁ የሚወጣው መቼ ነው? ልጁ ሲረብሽ ነው አይደል? ቴሌቪዥን ፊት ሲቆይ፣ ፈተና ሲደርስ፣ ውጤት ዝቅ ብሎ ሲመጣ፣ እንግዳ መጥቶ ልጆቹ ከሳሎን እንዲወጡልን ስንፈልግ። «ሂድ፣ ግባና አንብብ!» በኛ ቋንቋ እኮ ማንበብና ማጥናት አንድ ሆነው ቀርተዋል። ልጅ «እያነበብኩ ነው» ካለ ነገ ፈተና አለው ማለት ነው፣ ፈተናው ባለቀ ማግስት «አንብብ» ብትሉት ደግሞ «ምኑን? ጨረስን እኮ!» ይላችኋል፣ አልተሳሳተም፣ እኛ ነን እንደዛ ያስተማርነው። ቃሉን ቅጣት አድርገነው ስናበቃ ዞር ብለን «የዘንድሮ ልጅ ንባብ አይወድም» እንላለን። እኔ ቅጣቱን የሚወድ ልጅ አይቼ አላውቅም፣ እናንተ ካያችሁ ንገሩኝ።

ቃሉ ከጥንት እንደዛ አልነበረም። በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው፣ «አንበበ» ደግሞ አነበበ፣ ቃል በቃል ከወሰድነው «አናገረ» እንደማለት ነው። የሚያነብ ሰው ወረቀቱን እያናገረው ነው ማለት ነው፣ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ፊደል አፍ እየሰጠው ነው። ይሄን ካወቅኩ ጀምሮ ትንሽ ልጅ ጣቱን ፊደል ላይ ተክሎ ጮክ ብሎ ሲያነብ ስሰማ ዝም በል ማለት ትቻለሁ፣ ላይብረሪ ውስጥም ቢሆን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ልጄ 7 ዓመት ሲሆነው ማታ ማታ አጠገቤ አስቀምጬ አስነብበው ነበር፣ ጎበዝ እናት የሆንኩ መስሎኝ። እሱ «ጥ... ጥን... ጥንቸ... ጥንቸሏ» እያለ ይሄዳል፣ እኔ ከላይ ሆኜ «አይደለም፣ እንደገና እየው»፣ «ቸ ነው ቼ?»፣ «አራት ነጥቡን ዘለልከው»፣ «ቅድም አንብበኸው የለ እንዴ!» እላለሁ። አንዷ ገጽ 20 ደቂቃ ትፈጅብናለች። ጥንቸሏ መጨረሻ ላይ ምን ሆነች ብትሉን ሁለታችንም አናውቅም፣ እሱ እዛ ድረስ አልደረሰም፣ እኔ ደሞ ከነጭራሹ ታሪኩን አልሰማሁትም፣ ስህተቱን ብቻ ነበር የምሰማው። በ2ኛው ሳምንት መጽሐፉን ከመደርደሪያ ሳወርድ ልጄን ሆዱን ያመው ጀመር። ማስመሰል እንዳይመስላችሁ፣ የእውነት ነው ያመመው።

ከዛ አንድ ቀን ከስራ ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ከመኝታ ክፍል ድምፅ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጄ ትራሱን ተደግፎ ለ4 ዓመት እህቱ ያንኑ የጥንቸል መጽሐፍ እያነበበላት ነው! ግማሹን ቃል ይስታል፣ የከበደውን መስመር ዘሎ ከራሱ ይፈጥራል፣ ጥንቸሏን በቀጭን ድምፅ ጅቡን በጎርናና ድምፅ ያናግራቸዋል፣ እሷ ደሞ አፏን ከፍታ «ከዛስ? ከዛስ?» ትላለች። አንድም ጊዜ «እንደገና እየው» አላለችውም፣ ማንበብ አትችልማ! መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ጨረሰላት። እኔ በሩ ላይ አንድ እግሬን በጫማ አንድ እግሬን ያለ ጫማ ሆኜ እንደቆምኩ ነው ያለቀው። ያን ቀን በሙያዬ እንዳፈርኩ አፍሬ አላውቅም።

በኋላ ሳነብ ለካ ሰው ቀድሞ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ልጆች ለውሻ የሚያነቡበት ፕሮግራም ተጀመረ። አትሳቁ፣ ለውሻ ነው ያልኩት! የሰለጠነ ገራገር ውሻ ላይብረሪ ውስጥ ጋደም ይላል፣ ልጁ ጎኑ ቁጭ ብሎ ያነብለታል፣ በቃ ይሄው ነው። ውሻው አያርምም፣ አይስቅም፣ ሰዓት አያይም፣ «የጎረቤት ልጅ እኮ ካንተ ይበልጣል» አይልም። ሀሳቡ ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል። ውሻ ግዙ እያልኳችሁ አይደለም፣ ውሻው የሚያደርገውን ማድረግ ግን የሚያቅተን አይመስለኝም፣ ዝም ብሎ መስማት ማለቴ ነው። ልጁ ሲሳሳት ትርጉሙ ካልተበላሸ እለፉት። ከቆመ ትንሽ ጠብቁት፣ ካቃተው ቃሉን ንገሩትና ይቀጥል። ማረም ለክፍል ነው፣ ለማታ አይደለም።

ሌላው ደሞ እናንተ ራሳችሁ አንብቡለት። «አንብብ» የሚለውን ትታችሁ «ና ላንብብልህ» በሉት። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ፣ «ልጄ እኮ ራሱ ማንበብ ይችላል፣ ለምን አነብለታለሁ?» ይሉኛል። ፊሊፕ ጎፍ እና ዊሊያም ተንመር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን በአንዲት ሂሳብ ነው ያስቀመጡት፣ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደሉን መፍታት ሲባዛ ቋንቋውን በመረዳት ነው አሉ። ልጆች፣ ሲደመር ሳይሆን ሲባዛ ነው ያሉት። 100 በዜሮ ሲባዛ ስንት ነው? አዎ! ልጁ ፊደሉን ቢያንበለብለውም ቃሉን በጆሮው ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ ያነበበው ዜሮ ነው። እና ቤት ውስጥ ከልጆቻችን ጋር የምናወራው ምንድነው? «ብላ፣ ታጠብ፣ ተኛ፣ ቦርሳህስ፣ በሩን ዝጋው» ነው እኮ። «አድማስ» የሚለውን ቃል፣ «አመነታ» የሚለውን፣ «ልቧ ራደ» የሚለውን፣ ታጥቦ በሚበላ ልጅና በደከመች እናት መሀል ማን ያነሳዋል? መጽሐፍ ካላመጣው አይመጣም። ስለዚህ 10 እና 11 ዓመት ለሞላው ልጅም አንብቡ፣ ራሱ ሊያነበው ከሚችለው ትንሽ ከበድ ያለውን አንብቡለት፣ ትልቅ ነኝ ብሎ ቢያኮርፍም ጆሮው እናንተ ጋ ነው።

ቶሎ መጀመር ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ቦስተን ውስጥ የሕፃናት ሐኪሞች ለክትትል ለሚመጡ ቤተሰቦች ከምክሩ ጋር መጽሐፍ መስጠት ጀመሩ፣ በ1992 ደግሞ እንግሊዝ በርሚንግሃም ውስጥ በ300 ሕፃናት የተጀመረ መጽሐፍ የማደል ስራ አገሪቱን አዳረሰ። ሕፃን መጽሐፍ ምን ያደርግለታል ካላችሁ፣ ይበላዋል። እውነቴን ነው፣ ጠርዙን ያኝካል፣ እያኘከ ግን በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ድምጿን ይሰማል።

እዚህ መሀል ማንበብ የማይችል ወላጅ ካለ፣ ይኖራልም፣ አንገታችሁን እንዳትደፉ። ዶሊ ፓርተን የምትባለውን ዘፋኝ ታውቋታላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለሕፃናት በነፃ መጽሐፍ ቤታቸው ድረስ የሚልክ ድርጅት ያቋቋመችው ማንበብና መጻፍ ለማይችለው አባቷ ክብር ነው። ልጃችሁን «አንብብልኝ» በሉት። ልጅ ከምንም በላይ የሚያኮራው ትልቅ ሰው እሱን ሲፈልግ ነው፣ ደሞ እናንተ ልክ እንደ ልጄ እህት ናችሁ፣ አታርሙም፣ «ከዛስ?» ነው የምትሉት።

ስለ ሽልማት ልናገር፣ መምህራን እንዳትቀየሙኝ። በአንድ ወቅት የሰራሁበት ትምህርት ቤት «ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ይሸለማል» ብለን ውድድር አወጣን፣ እኔም ካሰቡት አንዷ ነኝ። ላይብረሪው በአንድ ሳምንት ሞላ፣ ደስ አለን፣ ፎቶ ተነሳን። ከዛ አንድ ልጅ በአንድ ቀን 5 መጽሐፍ መለሰ፣ «የትኛው ደስ አለህ?» ስለው እያገላበጠ አያቸውና «ይሄኛው፣ ቀጭን ነው» አለኝ። ውድድሩ ሲያልቅ ልጆቹም አለቁ። ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ሙከራ አለ፣ ስዕል መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ወስደው ለተወሰኑት «ከሳላችሁ ሰርተፍኬት ትሸለማላችሁ» አሏቸው፣ ሸለሟቸውም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ሳያዛቸው ሲታዩ፣ ቃል የተገባላቸው ልጆች ለስዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ወደ ግማሽ ወርዶ ተገኘ። ልጅን «ይሄን ካደረግክ ያንን ታገኛለህ» ስትለው ይሄኛው መራራ መድኃኒት ነው ማለት ነው ብሎ ይደመድማል። ለማንበብ ሽልማት መስጠት ካማራችሁ ሌላ መጽሐፍ ስጡት፣ ወይ ደሞ ከመኝታ ሰዓቱ ላይ 15 ደቂቃ ጨምሩለትና «መብራቱን አላጠፋብህም፣ ካነበብክ» በሉት።

ምን ያንብብ? ደስ ያለውን። «የኔ ልጅ አያነብም፣ ኳስ ኳስ ብቻ» ይሉኛል፣ እሺ የኳስ አንብብ በሉት! እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ አንድ ጥናት ላይ 64 የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ቤዝቦል ስለሚባለው፣ ኳስ በዱላ ስለሚመታበት የአሜሪካኖች ጨዋታ እንዲያነቡ ተደረገ። ማንበብ ደካማ የሚባሉት ግን ቤዝቦል የሚያውቁት፣ ጎበዝ አንባቢ ከሆኑት ግን ቤዝቦል ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። አያችሁ፣ «ደካማ» ያልነው ልጅ የማያውቀውን ነገር ስለሰጠነው ሊሆን ይችላል። የኔው ልጅ ከጥንቸሏ የወጣው በረኞችን ይዞ ነው፣ የትኛው በረኛ ስንት ፍፁም ቅጣት ምት አዳነ የሚለውን ከሞባይል ላይ እያሳደደ ያነብ ጀመር፣ ሞባይልም ላይ ቢሆን ንባብ ንባብ ነው፣ ቪዲዮ ብቻ እንዳይሆን ነው የኔ ስጋት። በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ ተደርጎም ፊደል የሚገለባበጥበት፣ ከእኩዮቹ በጣም የሚዘገይ ልጅ ካለ ሰነፍ አትበሉት፣ መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩት፣ ከዛ ዲስሌክሲያ የሚባል የማንበብ ችግር አለ፣ ከጉብዝናና ከስንፍና ጋር የማይገናኝ፣ መምህሩን አማክሩ።

አንድ የመጨረሻ ጥፋት ልናዘዝ። ብዙ ላይብረሪ ውስጥ ቆንጆዎቹ መጻሕፍት ያሉት የት ነው? መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፎ። ቁልፉ እኔ ኪስ ነበር። ለሱ እኮ ምክንያት አለን፣ «ይቀደዳል፣ ይጠፋል፣ ቆጠራ ሲመጣ እኔ ነኝ የምጠየቀው።» አንዲት የ2ኛ ክፍል ልጅ በየእረፍቱ እየመጣች አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዓሣ ነባሪ ታያለች፣ ስትሄድ መስታወቱ ላይ የትንፋሿ ጉም ይቀራል፣ እኔ ምን አደርጋለሁ? እወለውለዋለሁ! አንድ ወር ሙሉ ወለወልኩት። ከዛ አንድ ቀን ጨርቁን ይዤ እንደቆምኩ ቁልፉን አወጣሁ። አዎ፣ ከከፈትኩት ወዲህ የተቀደዱ አሉ፣ በፕላስተር እያጣበቅኩ ነው። የጠፉም አሉ። የዓሣ ነባሪው ሽፋን የለውም አሁን፣ ልጆቹ ግን ያለ ሽፋኑም ያውቁታል። የዚህ አካባቢ ሰዎችም ሰው ቁጭ ብሎ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ ካላችሁ፣ ፀጉር ቤትም ይሁን ክሊኒክ ወይ ቢሮ፣ አንድ ቅርጫት መጽሐፍ አስቀምጡ፣ ይጠፋል፣ ይጥፋ፣ የሆነ ሰው ቤት ነው የሚገባው።

ወረቀቴ እያለቀ ነው። ንግግር አድርጋ ሄደች እንዳትሉኝ እዛ ጠረጴዛ ላይ መጻሕፍት ደርድረናል፣ ስትወጡ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ይምረጥ፣ ወላጆች አትምረጡላቸው፣ እባካችሁ፣ ቀጭኑንም ቢያነሱ ዝም በሉ።

አሁን ልጄ ወደዚህ ይመጣል። 9 ዓመቱ ነው፣ ስለ በረኞች የሚያወራ መጽሐፍ ይዟል፣ 2 ገጽ ያነብላችኋል። እህቱ እዛ ፊት ተቀምጣለች፣ «ከዛስ» የምትለዋ እሷ ናት። የሆነ ቃል ላይ ከቆመ ማንም እንዳይነግረው፣ እኔም አፌን ይዤ እዚህ ጥግ እቆማለሁ። ና፣ ማይኩን ዝቅ ላድርግልህ።